የጋብቻ ፈቃድ መስኮት ላይ የተመደበ ሠራተኛ እምነቱ ሲከለክለው

ጥያቄው፦ «ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ካውንቲ የሰርኪዩት ፍርድ ቤት ክለርክ ቢሮ እሠራለሁ። እስካሁን የመሬት መዝገብ ክፍል ነበርኩ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ወደ ጋብቻ ፈቃድ ክፍል ተዛውረሻል ተብያለሁ። ሥራው ፈቃድ መስጠት ብቻ አይደለም፤ እዚያው ቢሮ የሚደረገውን የሲቪል ጋብቻ ማስፈጸምም አለበት። የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፣ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ማስፈጸም ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። እምቢ ማለት መብቴ ነው ወይስ እባረራለሁ? ቄሶቻችንስ አንድ ቀን ይገደዱ ይሆን?»

ምላሽ፦

መስኮቱ ላይ ቆመው ለባለጉዳይ እምቢ ማለት መብትዎ አይደለም። ከዚያ በፊት ሥራው ለሌላ ሰው እንዲሰጥ ወይም እርስዎ ሌላ ቦታ እንዲመደቡ በጽሑፍ መጠየቅ ግን በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ መብትዎ ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ ይፈቀዳል ማለት አይደለም፤ አሠሪዎ ግን በቅን ልቦና ሳይመለከተው ሊጥለው አይችልም። አሁን ያለዎት ትልቁ ሀብት ጊዜ ነው፤ ዝውውሩ ገና አልተጀመረም። የቄሶቹን ነገር መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ፤ መልሱ አጭር ነው፣ አይገደዱም።

መጀመሪያ «የጋብቻ ሥራ» የሚባለውን ነገር ይከፋፍሉት፣ ምክንያቱም ሕጉ ሁሉንም በአንድ ዓይን አያይም። በሜሪላንድ ማመልከቻው ለክለርኩ (በሕዝብ ለሚመረጠው የቢሮው ኃላፊ) ቢሮ ይቀርባል። ሠራተኛው ዕድሜን፣ ዝምድናን፣ የቀድሞ ጋብቻ መፍረሱን ያጣራል፤ ክፍያ ይቀበላል፤ ፈቃዱን ያትማል። ፈቃዱ ከወጣ በኋላ በሁለተኛው ቀን ጧት 12 ሰዓት (በፈረንጅ 6 a.m.) ላይ መሥራት ይጀምርና ለ6 ወር ያገለግላል። ከዚያ ሥርዓቱ ይፈጸማል፤ ይህን የሚያደርገው የሃይማኖት አገልጋይ፣ ዳኛ፣ ክለርኩ ራሱ ወይም የካውንቲው አስተዳደር ዳኛ የሰየመው ምክትል ክለርክ ነው። ያጋባው ሰው በ5 ቀን ውስጥ ወረቀቱን ለቢሮው ይመልሳል፣ ቢሮው ይመዘግባል፣ የተረጋገጠ ቅጂም ይሰጣል።

«የሰየመው» የሚለውን ልብ ይበሉ። ምክትል ክለርክ ሁሉ በራሱ ሥልጣን ማጋባት አይችልም። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራዎ ስምዎ በዚያ ዝርዝር ገብቶ እንደሆነ ማረጋገጥ ነው። ገና ካልገባ፣ እንዳይገባ መጠየቅ ገብቶ እንዲወጣ ከመጠየቅ ይቀላል። ለቢሮውም ምንም ወጪ የለውም።

ከሕግ አንጻር የእርስዎ ጥያቄ ጥንካሬ በእነዚህ ደረጃዎች ይለያያል። ሥርዓቱን በራስ አንደበት ማስፈጸም ላይ ያለው ተቃውሞ ጠንካራ ነው፣ ምክንያቱም ሰውየው ራሱ ተናግሮ የሚያደርገው ተግባር ነው። ፈቃድ ማተምና መፈረም ላይ ያለው ተቃውሞ አከራካሪ ነው። የተመለሰ ወረቀት መመዝገብ፣ ቅጂ ማውጣት፣ ስልክ ላይ «ክፍያው ስንት ነው?» ለሚል መልስ መስጠት ላይ ያለው ግን በጣም ደካማ ነው፤ ባይነኩት ይመረጣል። ጥያቄው በሰፋ ቁጥር ፍርድ ቤት ፊት ይሳሳል።

ፈቃዱን በተመለከተ ፍርድ ቤቶች አልተስማሙም። ኢንዲያና ሃሪሰን ካውንቲ የነበረች አንዲት ምክትል ክለርክ የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን ማመልከቻ አላስተናግድም ብላ ተባረረች። የፌዴራል ፍርድ ቤቱ በ2016 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሥራዋ መረጃ መሙላትና ቅጽ ማተም ብቻ ስለሆነ ከሃይማኖቷ ጋር የሚጋጭ ነገር የለውም ብሎ ፈረደባት። በሌላ በኩል ኦሪገን ዳግላስ ካውንቲ ውስጥ የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን የአብሮነት ምዝገባ (ከጋብቻ የተለየ ሕጋዊ የጥንዶች ምዝገባ) አልሠራም ያለች ሠራተኛ ባቀረበችው ክስ፣ ፍርድ ቤቱ በ2010 ካውንቲው «ማመቻቸት አይቻልም» ማለቱን እንዲሁ አልተቀበለም፤ ጉዳዩ በማስረጃ መመዘን አለበት አለ። በእኔ አስተያየት የኢንዲያናው ፍርድ ቤት የነገረ መለኮት ጥያቄ ራሱ መመለስ አልነበረበትም፤ አንድ ሰው ፊርማውን እንደ ኃጢአት ተባባሪነት ይቆጥረዋል ወይስ አይቆጥረውም የሚለው የዳኛ ሥራ አይደለም። ቢሆንም ፍርዱ አለ፣ አሠሪዎም ጠበቃ ካለው ይጠቅሰዋል። እኛ ዘንድ ተክሊልና የመንግሥት ወረቀት እንደሚለያዩ ማንም ያውቃል፤ «ቤተ ክርስቲያንሽ የሲቪል ጋብቻን እንደ ምሥጢር አትቆጥረውም፣ ታዲያ ምን ያጋጫል?» የሚል ጥያቄ ሊመጣብዎት ይችላል። መልሱን ቀድመው ያስቡበት።

መብቱ የሚመጣው ከየት ነው? የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ታይትል ሰቨን የሚባለው ክፍል አሠሪ የሠራተኛውን ሃይማኖታዊ ሥርዓት እንዲያመቻች ያስገድዳል፣ «ከመጠን ያለፈ ችግር» ካላመጣበት በስተቀር። ለአሥርት ዓመታት ይህ «ችግር» በጣም ትንሽ ወጪ ቢሆንም በቂ ነበር። ጁን 29 ቀን 2023 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እሑድ ጥቅል አላደርስም ባለ የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ ላይ (ግሮፍ በሚባለው) ያለ አንድ ተቃውሞ መለኪያውን ከፍ አደረገው፤ አሁን አሠሪው ማሳየት ያለበት ከሥራው ስፋት ጋር ሲታይ ከባድ የሆነ ተጨማሪ ጫና ነው። የሥራ ባልደረቦች ሃይማኖትዎን አለመውደዳቸው ወይም ማጉረምረማቸው ብቻውን እንደ ጫና አይቆጠርም። ሥራው በእውነት ከተጓተተ ወይም ባለጉዳይ ካልተስተናገደ ግን ይቆጠራል።

ሁለት ነገር ይጨመርበት። አንደኛ፣ አሠሪው እርስዎ የመረጡትን መፍትሔ እንዲሰጥ አይገደድም፤ ግጭቱን የሚያስወግድ ሌላ ምክንያታዊ መፍትሔ ካቀረበ ግዴታውን ተወጥቷል። ይህ ከ1986 ጀምሮ የጸና ነው። ሁለተኛ፣ ታይትል ሰቨን የተመረጡ ባለሥልጣናትንና የቅርብ የግል ሠራተኞቻቸውን አይሸፍንም። በመደበኛ ቅጥር የገባ የመስኮት ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ አይነካም፤ የተመረጠው ክለርክ ግን ይነካል።

አሁን ወደ ዋናው ምክሬ። ጥንዶችን የመምረጥ መብት አይጠይቁ፤ ከጋብቻ ሥራ በሙሉ እንዲወጡ ይጠይቁ። «ወንድና ሴት ሲመጡ እሠራለሁ፣ ሌሎቹ ሲመጡ ሰው ጥሩልኝ» የሚለው ዝግጅት ሦስት ቦታ ይሰበራል። ማን እንደሆኑ የሚታወቀው መስኮቱ ጋ ከደረሱ በኋላ ስለሆነ፣ ባለጉዳዮቹ ፊት ለፊት ሠራተኛ ሲቀየርባቸው ያያሉ፤ ያ ደግሞ በራሱ አቤቱታ ነው። ተተኪው ሰው ምሳ ላይ ወይም ፈቃድ ላይ በሆነ ቀን ማንም የለም። ሦስተኛው ደግሞ ሕጉ ወዴት እንዳዘነበለ ነው፦ ለሠራተኛው በሰፊው ያዳላው የኖርዝ ካሮላይና የ2015 ሕግ እንኳ፣ ራሱን ያገለለ ምክትል ለ6 ወር ያህል ከማንኛውም ጋብቻ እንዲርቅ ያዛል እንጂ እየመረጠ እንዲሠራ አይፈቅድም። ዋዮሚንግ ውስጥ የፒንዴል ከተማ ዳኛ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ አላስፈጽምም ባሉ ጊዜ፣ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 በ3 ለ2 ድምፅ ወቀሳቸውና ወይ ሁሉንም ያጋቡ ወይ ማንንም አያጋቡ አላቸው።

እርስዎ ደግሞ ለድርድር የሚያቀርቡት ነገር አለዎት፤ የመሬት መዝገብን ሥራ ያውቃሉ። የክለርክ ቢሮ የሲቪል ፋይል፣ የወንጀል ፋይል፣ የንግድ ፈቃድ፣ የዳኝነት ሸንጎ (ጁሪ) አባላት ጥሪ የመሳሰሉ ክፍሎች አሉት። ከጋብቻ ክፍሉ መውጣት የሚፈልግ ሰው ካለ ሳይሆን፣ ወደዚያ መግባት የሚፈልግ ባልደረባ ካለ ስሙን በፈቃዱ ይዘው ይቅረቡ። ከማንኛውም የሃይማኖት ክርክር ይልቅ የተዘጋጀ ቅያሪ አለቃን ያሳምናል።

ደብዳቤው አንድ ገጽ አይለፍ። በእንግሊዝኛ ሲጽፉት ይዘቱ ይህን ይመስላል፦ «በዚህ ቀን ወደ ጋብቻ ክፍል እንደምዛወር ተነግሮኛል። ሥራው ከጽኑ ሃይማኖታዊ እምነቴ ጋር የሚጋጭ ጋብቻ እንዳስፈጽምና በፈቃዱ ላይ እንድፈርም ስለሚጠይቀኝ፣ በታይትል ሰቨን መሠረት ሃይማኖታዊ ማመቻቸት እንዲደረግልኝ እጠይቃለሁ። ባለሁበት ክፍል ብቆይ ወይም ጋብቻ በሌለበት ሌላ ክፍል ብመደብ ፈቃደኛ ነኝ። የማንም ባለጉዳይ አገልግሎት እንዲዘገይ አልፈልግም፤ ስለ ሌላ አማራጭም ለመነጋገር ዝግጁ ነኝ።» በቃ። ስለ ጥንዶቹ ማንነት አስተያየት አይጻፍ፣ ጥቅስ አይደርደር፣ «ትገደጃለሽ ካላችሁኝ እከሳለሁ» አይባል። ለሱፐርቫይዘሩና ለሰው ኃይል ክፍሉ (ኤች አር) በአንድ ኢሜይል ይላኩት፣ ቅጂውን በግል ያስቀምጡ። በቃል የተነጋገሩት ነገር ካለ በዚያው ቀን «ዛሬ እንደተነጋገርነው» ብለው በኢሜይል ያጽኑት።

ከንስሐ አባትዎ ደብዳቤ ያስፈልጋል ወይ? በሕግ አያስፈልግም። የሚጠበቀው የእርስዎ እምነት ቅን መሆኑ እንጂ ቤተ ክርስቲያኗ በይፋ መደገፏ አይደለም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ከ1981 ጀምሮ ብሎታል። ቢኖር ግን አይጎዳም፣ በተለይ አሠሪው ቅንነቱን ከተጠራጠረ። ቅንነትን የሚያፈርሰው የራስ ተግባር ነው፤ ለምሳሌ ስድስት ወር ምንም ሳይሉ ሲያጋቡ ቆይተው፣ የሥራ ምዘና ሲበላሽ «ሃይማኖቴ» ማለት።

ነገሩ የሚበላሽባቸው መንገዶች ብዙዎቹ የታወቁ ናቸው። «ሲስተም ወድቋል» ብሎ ባለጉዳይ መመለስ የከፋው ነው፤ ውሸቱ ከኮምፒውተሩ መዝገብ ይወጣል፣ ከዚያ ጉዳዩ የእምነት መሆኑ ቀርቶ የሥራ ማጭበርበር ይሆናል። ሥርዓት ባለበት ቀን ታምሜያለሁ እያሉ መቅረት ደግሞ የመገኘት ችግር ሆኖ ይመዘገባል። ፌስቡክ ላይ ስለ ቢሮው መጻፍም አለ፤ በአማርኛ ስለተጻፈ ማንም አያየውም ብለው አይተማመኑ። ሥራ መልቀቅም አይቸኩሉ፤ ራሱ የለቀቀ ሰው «ተገድጄ ነው» ብሎ ማሳመን ከባድ ሸክም አለበት።

ከሁሉ ግን ብዙ የሚያስተምረው የኬንታኪው ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 26 ቀን 2015 በኦበርገፌል ጉዳይ በ5 ለ4 ድምፅ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በመላ አገሪቱ ከፈቀደ በኋላ፣ የሮዋን ካውንቲ ክለርክ ኪም ዴቪስ ለማንም፣ ለወንድና ለሴትም ጭምር፣ የጋብቻ ፈቃድ መስጠት አቆሙ፤ በሥራቸው ያሉ ምክትሎችንም ከለከሉ። የፌዴራል ዳኛው በኦገስት እንዲሰጡ አዘዙ፣ ይግባኙም አልተሳካም። ሴፕቴምበር 3 ትእዛዝ በመጣስ ታሰሩ። በዚያው ቀን ዳኛው ምክትሎቹን ጠየቋቸው፤ ከስድስቱ አምስቱ እንሰጣለን አሉ፣ ቢሮውም በማግስቱ ፈቃድ መስጠት ጀመረ። ዴቪስ ሴፕቴምበር 8 ሲለቀቁ የተጣለባቸው ግዴታ ምክትሎቹን እንዳያደናቅፉ ነበር። ፍርድ ቤቱ የያዘው እሳቸው በእጃቸው አለመፈረማቸውን ሳይሆን የቢሮውን በር መዝጋታቸውን ነው። ዳር መቆምና በር መዝጋት በሕግ ፊት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እርስዎም በደብዳቤዎ ውስጥ ይህ ልዩነት እንዲታይ ያድርጉ።

የገንዘቡ ነገር ደግሞ ከእስሩ ዘግይቶ መጣ። ፈቃድ የተከለከሉ ጥንዶች በግል ከሰሷቸው፤ በ2023 ሸንጎው ለአንዱ ጥንድ ለእያንዳንዳቸው 50,000 ዶላር፣ በድምሩ 100,000 ፈረደ። በላዩ የከሳሾች ጠበቃ ወጪ 260,104 ዶላር ተጨመረ። የመንግሥት ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የሚጠለልበት ከክስ የመከላከያ ጥላ አልሠራላቸውም፣ ምክንያቱም ከኦበርገፌል በኋላ መብቱ ግልጽ ነበር። የሃይማኖት ነፃነት መከራከሪያቸውም ወደቀ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ኖቬምበር 2025 ይግባኛቸውን አልሰማም አለ። ለእርስዎ የሚለው ነገር ግልጽ ነው፦ መስኮት ላይ ባለጉዳይ ቢመልሱ የሚከሰሰው መሥሪያ ቤቱ ብቻ አይደለም፣ በስምዎ ሊከሰሱ ይችላሉ። የሠራተኛ ማመቻቸት ጥያቄዎ በሂደት ላይ እያለ አንድ ቀን ተመድበው ጥንዶች ቢመጡብዎት፣ ወዲያው ሱፐርቫይዘር ይጥሩ፤ «አይቻልም» የሚለው ቃል ግን ከአፍዎ አይውጣ።

ግዛትን ከግዛት አያምታቱ። ሰዎች «እገሌ ግዛት ተፈቅዷል» ሲሉ የሚያወሩት ስለ ሌላ ሕግ ነው። ሚሲሲፒ በ2016 ባወጣው ሕግ ክለርክ በጽሑፍ አሳውቆ ራሱን ማግለል ይችላል፣ ፈቃዱ ግን መዘግየት የለበትም። አላባማ በ2019 ነገሩን ከሥሩ ቀየረችው፤ ፈቃድ የሚባለው ቀርቶ ጥንዶቹ ቅጽ ሞልተው በኖተሪ አስፈርመው ያስመዘግባሉ፣ ዳኛው የሚመዘግብ ብቻ ሆነ። ቴክሳስ በኦክቶበር 2025 ዳኞች በሃይማኖት ምክንያት ከማጋባት ቢቆጠቡ የሥነ ምግባር ጥሰት እንዳይሆንባቸው ደንቡ ላይ ማብራሪያ አከለች። ወንዙን ተሻግረው ቨርጂኒያ የሚሠሩ ደግሞ ማወቅ ያለባቸው የ2024ቱን ሕግ ነው፤ ፈቃድ ሰጪው ሰው በጾታ ምክንያት ፈቃድ እንዳይከለክል በግልጽ ይደነግጋል፣ የሃይማኖት አባቶችን ግን ነፃ ይተዋል። እርስዎ ሜሪላንድ ስለሆኑ እንደ ኖርዝ ካሮላይና ዓይነት ራስን የማግለያ ሕግ የለዎትም፤ መንገድዎ ታይትል ሰቨንና የግዛቱ የሥራ አድልዎ ሕግ ነው።

እንግሊዝ ላሉ አንባቢዎች መንገዱ ይበልጥ ጠባብ ነው። ለንደን ኢዝሊንግተን የነበሩ ሊሊያን ላዴል የሚባሉ የጋብቻ መዝጋቢ ከ2005 ማብቂያ በኋላ የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን ላለመመዝገብ ከባልደረቦቻቸው ጋር በመግባባት ብቻ ሥራ ይለዋወጡ ነበር። ባልደረቦች ቅሬታ ሲያቀርቡ ነገሩ ወደ ዲሲፕሊን ሄደ፤ በይግባኝ ፍርድ ቤት በ2009፣ በስትራስቡርግ ባለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ደግሞ በጃንዋሪ 2013 ተሸነፉ። አሜሪካም ቢሆን ከዚህ የሚወሰድ ነገር አለ፦ በወዳጅነት የቆመ ቅያሪ የሚቆየው አንድ ሰው እስኪከፋው ድረስ ነው፤ የአለቃ ፊርማ ያለበት ይሁን።

ጥያቄዎ ውድቅ ቢሆን ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። «ፖሊሲያችን አይፈቅድም» ብቻ በቂ መልስ አይደለም፤ ምን ዓይነት ጫና እንደሚመጣ መግለጽ አለባቸው። ዩኒየን ካለ ወኪሉን ያነጋግሩ። ቀጥሎ ያለው የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን (ኢ.ኢ.ኦ.ሲ) ነው፤ የማመልከቻው ጊዜ በመሠረቱ 180 ቀን ሲሆን፣ እንደ ሜሪላንድ የግዛት ኮሚሽን ባለበት ወደ 300 ቀን ይረዝማል። የግዛቱ ኮሚሽን የራሱ ቀነ ገደብ ስላለው 300ውን ቆጥረው አይቀመጡ። ኮሚሽኑ የመክሰስ ፈቃድ ደብዳቤ ከሰጠዎት በኋላ ፍርድ ቤት ለመሄድ 90 ቀን ብቻ ነው ያለዎት። የማመልከቻው 180 ወይም 300 ቀን መቆጠር የሚጀምረው የአሠሪዎ ውሳኔ ከተነገረዎት ዕለት ነው፤ የውስጥ ቅሬታ ማቅረብ ቆጠራውን አያስቆመውም። ብዙ ጥሩ ጉዳይ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ቄሶቹ ስንመጣ፣ ማንም የሃይማኖት አገልጋይ እምነቱ የማይፈቅደውን ጋብቻ እንዲፈጽም ሊገደድ አይችልም። የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ ይከላከልለታል፤ በዲሴምበር 2022 የወጣው የጋብቻ ማክበር ሕግም ለትርፍ ያልቆሙ የሃይማኖት ድርጅቶች ለጋብቻ ሥርዓትም ሆነ ለድግሱ ቦታና አገልግሎት እንዲሰጡ እንደማይገደዱ ይናገራል። ቄስ ያላስተማረውን፣ ያላቆረበውን ሰው አላጋባም ሲል ማንም ከሶት እንደማያውቅ ሁሉ፣ እዚህም ያው ነው።

ጥንቃቄ የሚፈልገው አዳራሹ ነው። ብዙ አብያተ ክርስቲያኖቻችን የዕዳ ክፍያ ለመርዳት አዳራሽ ያከራያሉ፣ አንዳንዶቹም ለመጣ ሁሉ። ኒው ጀርሲ ኦሽን ግሮቭ ውስጥ አንድ የሜቶዲስት ማኅበር በባሕር ዳር ያለውን ፓቪሊዮን (ጣሪያ ያለው ክፍት አዳራሽ) ለሕዝብ ክፍት ነው ብሎ የግብር ቅናሽ ይወስድበት ነበር፤ ሁለት ሴቶች የሲቪል ዩኒየን (ከጋብቻ የተለየ ሕጋዊ አብሮነት) ሥርዓታቸውን ሊፈጽሙበት ሲጠይቁ ከለከለ፣ በ2012 የግዛቱን የአድልዎ ሕግ ጥሷል ተባለ። የፌዴራሉ ሕግ ከዚያ በኋላ ቢመጣም፣ ሰበካ ጉባኤው በነገሩ እርግጠኛ መሆን ከፈለገ የአዳራሽ አጠቃቀሙን ዛሬውኑ በጽሑፍ ያድርግ፦ ለምእመናንና ለቤተ ክርስቲያኗ ሥርዓት ብቻ ነው ወይስ ለማንም ነው? «ለማንም» ተብሎ ድረ ገጽ ላይ ዋጋ የተለጠፈበት አዳራሽ በንግድ ቤት ዓይን ሊታይ ይችላል። ኪራዩ ለምእመናን ብቻ ከሆነ ማስታወቂያውም፣ የኪራይ ውሉም፣ የግብር ወረቀቱም ያንኑ ይበሉ።